ያውቁ ኖሯል? ሻፍት በኢትዮጵያ፣ የአክተሩ ደመወዝና የጋፋት መድፍ

ያውቁ ኖሯል? የሆሊውዱ ጥቁር መርማሪ ጆን ሻፍት ከሃምሳ ዓመት በፊት እኛው አገር መጥቶ በዱላ ተደባድቧል። ሦስተኛው የሻፍት ፊልም «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ለእይታ የበቃው በ1965 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ታሪኩ አፍሪካውያን ወጣቶችን እያታለለ ፓሪስ የሚያደርስና በርካሽ ጉልበት የሚያሠራ ቡድን ላይ ያተኩራል። ሻፍት አገሬውን መስሎ ከስደተኞቹ ጋር ይቀላቀላል፤ በእጁ የሚይዘውም ዱላ ነው። በደቡብ ጎንደር ፋርጣና ጋይንት ላይ ዱላ ሳይዝ መንገድ የሚወጣ ገበሬ ማግኘት ስለሚቸግር፣ የደብረ ታቦር ተመልካች ይህን የሆሊውድ ድብድብ ከኒውዮርክ ተመልካች በተሻለ የመመዘን ሥልጣን አለው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ውስጥ ማርን ሜትላንድ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ኮሎኔል ጎንደር ይባላል። ቮኔታ ማጊ የተጫወተችው የአሚሩ ልጅ ስሟ አለሜ ነው። ስሙም መልክዓ ምድሩም ከእኛ ተወስዷል፤ አሚሩን የተጫወተው ሳይ ግራንት ግን የጋያና ተወላጅ፣ የለንደን ነዋሪ ነበር።

ከአገራችን ሰዎች መካከል በዚህ ፊልም ጎልቶ የሚታየው አንጋፋው ተዋናይ ደበበ እሸቱ ነው፤ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ተዋናይት ዘነበች ታደሰም አለችበት። ደበበ ከአርባ ዓመት በኋላ በ2014 ዓለም አቀፍ ስሙን ያደሰው በእስራኤል በተሠራ «ቀይ ቅጠሎች» በሚል ፊልም ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ፈልሰው ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ቤታቸውን ሸጠው በየልጆቻቸው ቤት የሚዞሩ ሽማግሌ ሆኖ ነበር የተጫወተው። ፊልሙ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርን መሠረት ያደረገ ነው። በሻፍት ፊልም ውስጥ አጃቢ የነበረው ሰው እዚህ ላይ ሙሉውን ታሪክ ብቻውን ተሸክሞታል። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ የሚያይ ሰው፣ የኛ ሰው ዕድል ሲሰጠው ምን እንደሚችል ክርክር አያስፈልገውም።

ያውቁ ኖሯል? ሻፍትን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ራውንድትሪ ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው 12,500 ዶላር ነበር። ጊዜው 1971 ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ከሃምሳ ይመነዘር ስለነበር ወደ እኛ ሲመጣ 31,250 ብር መሆኑ ነው። ፊልሙ ያስገባው 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዚያን ዘመን ኪሳራ አፋፍ ላይ የነበረውን ኤምጂኤም የተባለውን ስመ ጥር ስቱዲዮ ከውድቀት አተረፈው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ስቱዲዮ ያዳነ ሰው የተከፈለው ፊልሙ ካስገባው ገንዘብ ከሺህ አንድ እጅ ነው! የዚህ ዓምድ ጉዳይ ይኸው ነው፦ በአክሽን ፊልም ውስጥ ቡጢ የሚቀበለው አንዱ፣ ገንዘብ የሚቀበለው ሌላው የሚሆነው እንዴት ነው?

ራውንድትሪ ከፊልም በፊት የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ከዚያም የልብስ ሞዴል ነበር። ሻፍትን ሲጫወት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም።

የሻፍትን ሙዚቃ የሠራው አይዛክ ሄይስ ለዚሁ ሥራው ኦስካር ተሸለመ፤ በምርጥ የፊልም ዘፈን ዘርፍ ያን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸው ሦስተኛው ፊልም አተረፈ? አላተረፈም። ወጪው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ገቢው ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ቀረ። ኤምጂኤም ወዲያው ሻፍትን ወደ ቴሌቪዥን አሳለፈው። በሲኒማ ቤት ሲሳደብና ሲተኩስ የነበረው ሰው በቴሌቪዥን ጨዋ ተደርጎ ቀረበና ተመልካቹ አላወቀውም፤ ተከታታዩ ሰባት ክፍል ብቻ ታይቶ ተቋረጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ጣሪያውን ያጣ አክተር ከእሱ ሌላ ማንን እንደምጠቅስ አላውቅም።

ሌላውን ጎን ይመልከቱ። «ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን የመራው ጆን ጊለርሚን፣ ድርሰቱን የጻፈውም ስተርሊንግ ሲሊፋንት ነው። ሁለቱ በቀጣዩ ዓመት አንድ ላይ «ዘ ታወሪንግ ኢንፌርኖ» የተባለውን የሚቃጠል ሕንፃ ፊልም ሠሩ። በዚያ ፊልም ስቲቭ ማክዊንና ፖል ኒውማን ለየራሳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ፤ በዚያ ላይ ከገቢው በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ ነበራቸው። ዳይሬክተሩ ያው፣ ደራሲው ያው፤ የተለየው ውሉ ነው። ራውንድትሪም በዚያው በ1974 «ኧርዝኩዌክ» በተባለ የመሬት መንቀጥቀጥ ፊልም ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ትርኢተኛ ሆኖ ተጫውቷል፤ ግን በዋና አክተርነት አልነበረም።

ሲሊፋንት የብሩስ ሊ ተማሪና ወዳጅ ነበር። ብሩስ ሊ ያረፈው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ለእይታ በበቃ በወሩ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1973 ነው።

ስለ ብሩስ ሊ ካነሣን፦ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ ከጎልደን ሃርቨስት ጋር የፈረመው የመጀመሪያ ውል ሁለት ፊልም በ15,000 ዶላር የሚል ነበር። «ኤንተር ዘ ድራገን» ግን የወጣበት 850 ሺህ ዶላር ብቻ ሆኖ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች አስገብቷል። ብሩስ ሊ ራሱ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲገባ አላየውም፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞቶ ነበር። በዚያው ፊልም ውስጥ ከሚደበደቡት ስም የለሽ ልጆች አንዱ ጃኪ ቻን ነው። ያ ልጅ በኋላ ፊልሞቹን ራሱ እየመራና እያዘጋጀ ሀብታም ሆነ፤ በ2016 የክብር ኦስካር ተበረከተለት።

በየከተማው ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ያደገ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። ጥይት ይስተዋል፣ ድልድይ ቢፈርስ ይዘላል፣ ቢቆስል ጨርቅ ይጠመጥማል።

ሪቻርድ ራውንድትሪን ግን ከጥይት የከፋ ነገር አግኝቶታል። በ1993 የጡት ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። የጡት ካንሰር ወንድ አይዝም ተብሎ በሚታሰብበት ዓለም፣ የወንድነት ምልክት ሆኖ በየግድግዳው ሲለጠፍ የኖረ ሰው ሁለቱንም ጡቶቹን በቀዶ ሕክምና አስወገደ። ለተወሰነ ጊዜ ሥራ እንዳያጣ ብሎ ደብቆት ቆየ፤ ከዚያ ግን አደባባይ ወጥቶ ወንዶች እንዲመረመሩ መናገር ጀመረ። ከሻፍት ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ድፍረት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። እኛም አገር በሽታውን በማፈር ሐኪም ዘንድ ዘግይተው የሚደርሱ ወንዶች አሉና ይህን አንቀጽ ለአንድ ወንድ ጓደኛዎ ያንብቡለት። ራውንድትሪ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረ፤ በ2000 ሳሙኤል ኤል ጃክሰን አዲሱን ሻፍት ሆኖ ሲመጣ አጎትየው ሆኖ ተመለሰ፤ በ2019ም እንደገና ታየ። ያረፈው ጥቅምት 24 ቀን 2023 በጣፊያ ካንሰር፣ በ81 ዓመቱ ነው።

አርኖልድ ሽዋዚንገር ለመጀመሪያው «ተርሚኔተር» የተከፈለው 75 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። በ1991 ለሁለተኛው 15 ሚሊዮን ወሰደ። በዚያ ፊልም ውስጥ የተናገረው ሰባት መቶ ያህል ቃል ስለሆነ፣ ለአንድ ቃል 21 ሺህ ዶላር ከምናምን ደርሶታል ብለው የቆጠሩ አሉ።

ከእሱ ውሎች ሁሉ የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። በ1988 ከዳኒ ደቪቶ ጋር «ትዊንስ» የተባለውን አስቂኝ ፊልም ሲሠራ ደመወዝ አልጠየቀም። እሱ፣ ደቪቶና ዳይሬክተሩ አይቫን ራይትማን ስቱዲዮውን «አስቀድመህ አትክፈለን፤ ፊልሙ ካስገባ ድርሻችንን ስጠን» አሉት። ስቱዲዮውም ያንን ጡንቻ በአስቂኝ ፊልም ማን ያየዋል ብሎ ተስማማ። ፊልሙ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሽዋዚንገር ከሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያገኘበት ይኸው አስቂኝ ፊልም መሆኑን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሰውየው ሆሊውድ ሳይገባ በቤት ንግድ ሚሊየነር ሆኖ ነበር። ደመወዝ አልፈልግም ማለት የቻለው የወር ቀለብ ስላልቸገረው ነው።

ስልቬስተር ስታሎን ግን የቸገረው ሰው ነበር። የ«ሮኪ»ን ድርሰት ያለ እሱ ለመግዛት እስከ 360 ሺህ ዶላር ቢቀርብለትም፣ እኔ ካልተጫወትኩት አልሸጥም ብሎ ጸና። አንድ ሚሊዮን ዶላር ባልሞላ ወጪ የተሠራው ፊልም በ1977 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ሆኖም ስታሎን የሮኪ ባለቤት አይደለም። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው እሱ ሆኖ ሳለ የባለቤትነት ድርሻ እንዳልተሰጠው በስተርጅና ምሬቱን ተናግሯል።

ድዌይን ጆንሰን የአሜሪካ እግር ኳስ ሕይወቱ በ1995 ሲያበቃ ኪሱ ውስጥ የቀረው ሰባት ዶላር ነበር፤ የፊልም ኩባንያውን «ሰባት ብር» እንደማለት ሴቨን ባክስ ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው። ፎርብስ በ2020 የዓለም ቀዳሚ ተከፋይ ተዋናይ ሲለው ያስቀመጠለት ዓመታዊ ገቢ 87.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እኛም ሰው አለን። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሞዴል ሊያ ከበደ በ2005 ከኒኮላስ ኬጅ ጋር በጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ፊልም «ሎርድ ኦፍ ዋር» ውስጥ ተጫውታለች። በ2007 ፎርብስ በዓለም ከፍተኛ ተከፋይ ከሆኑ ሞዴሎች መካከል አስቀምጧታል።

ያውቁ ኖሯል? በቡሄ ዕለት የደብረ ታቦር ልጅ የሚያጮኸው ጅራፍ ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል፤ ጅራፉ ሲወነጨፍ እጥፋቱ እየጠበበ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲሮጥ ያንን ፍጥነት ያልፋል። «ጧ!» የሚለው ጩኸት ጫፉ ራሱን ስለመታ የሚሰማ ሳይሆን፣ ተዋጊ ጄት የድምፅን ፍጥነት ሲሰብር ከምንሰማው ፍንዳታ ጋር አንድ ነው። ሰው በእጁ ከሠራቸው ነገሮች ከድምፅ በመፍጠን ጅራፍ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሃሪሰን ፎርድ ኢንዲያና ጆንስን ሲጫወት ይህንኑ ማጮህ ተለማምዷል። ከነሐሴ 13 በፊት ባሉት ሳምንታት በየመስኩ ቃጫና ልጥ እየገመዱ የሚያጮኹት እረኞቻችን አሠልጣኝ አላስፈለጋቸውም።

ፎርድን ካነሣን አይቀር፤ ለመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» የተከፈለው 10 ሺህ ዶላር እንደነበር ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ደግሞ በዓለም ዙሪያ 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። መጀመሪያ የታጨው ቶም ሴሌክ ነበር፤ የቴሌቪዥን ውሉ ስላሰረው ሳይሆንለት ቀረ።

ያ ፊልም የሚፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ያስታውሳሉ? ታቦተ ጽዮንን። ሆሊውድ ታቦቷን ግብፅ በረሃ ውስጥ ቀበራት። የእኛ ትውፊት ደግሞ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጣና ቂርቆስ አርፋለች ይላል። ጣና ቂርቆስ ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የጉማራ ወንዝ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ጉማራና ርብ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። ስለዚህ በዓለም ከታወቁት የአክሽን ፊልሞች አንዱ የሚያሳድደው ቅርስ፣ በትውፊታችን መሠረት፣ የደቡብ ጎንደር ወንዞች በሚገቡበት ሐይቅ ላይ ነበረ። ኢንዲያና ጆንስ ግን ወደዚህ አልመጣም።

አሁን ወደ ጋፋት። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚህች ሥፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አደረጉ። ሰዎቹ የብረትና የእንጨት ሥራ ያውቃሉ እንጂ መድፍ አፍስሰው አያውቁም። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉት ሰዎች እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋ ግዙፍ መድፍ አወጡ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ተከተላቸው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፣ ዓለት እየፈነቀሉ፣ የበሸሎንና የጂጣን ገደል እየወረዱና እየወጡ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ያዩ አውሮፓውያን ጽፈውታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ጉዞ የሚበልጥ የአክሽን ፊልም ትዕይንት በየትኛውም አገር ስቱዲዮ ተጽፎ አላየሁም፤ እኛ ደግሞ አልጻፍነውም፣ ተፈጽሞልናል።

በዚያኛው ወገን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና ከህንድ የተጫኑ 44 ዝሆኖች ይዞ ይመጣ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይበቃል ብሎ የጀመረው ዘመቻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። አክተር አይሞትም የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ፈረሰ። ምናልባትም ቴዎድሮስ በልቦለድና በመድረክ ከማንም ንጉሥ በላይ የተደጋገሙት ለዚሁ ነው፦ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሁሉም ተቀባብለዋቸዋል።

ደብረ ታቦር የተወለደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 እንደገና ቀርቦ የቤተ መንግሥቱ መልስ አይሆንም የሚል ነበር። ይህ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሴባስቶፖል መድፉ መቅደላ አናት ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ስሙ ግን ሲኒማ ቤት ሆኗል! «ቀዝቃዛ ወላፈን»ንና «ቀይ ስህተት»ን የሠራው ቴዎድሮስ ተሾመ የፊልም ድርጅቱንና አዲስ አበባ የከፈተውን ሲኒማ ቤት ሴባስቶፖል ብሎ ሰይሟል። በጋፋት እሳት የተፈተነ ስም የአማርኛ ፊልም ትኬት ተቆርጦበታል።

ሆሊውድ ከጎንደር ምድር የወሰደው ታሪክም አለ፦ ካፒቴን አሜሪካን በመሆን የታወቀው ክሪስ ኢቫንስ በ2019 «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» በተባለ ፊልም መሪ ተዋናይ ሆኖ መጣ። ታሪኩ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በስውር ወደ እስራኤል የተጓዙትን ቤተ እስራኤላውያን ይመለከታል። ብዙዎቹ ከጎንደር ምድር በእግራቸው የወጡ፣ በመንገድና በመጠለያ ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። የቀረጻ ገንዘብ ማለት ሆቴል፣ መኪና፣ ምግብ፣ የአናጺና የልብስ ሰፊ ደመወዝ፣ የአጃቢ ተዋናይ አበል ማለት ነው። ለቅሶው ከእኛ ሰፈር ወጣ፤ አበሉ ሌላ አገር ተከፈለ።

ያውቁ ኖሯል? አንድ ፊልም 288 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ «ትርፍ የለውም» ሊባል ይችላል። በ1988 ኤዲ መርፊ አፍሪካዊ ልዑል ሆኖ የተጫወተበት «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የታሪኩ ሐሳብ የእኔ ነው ብሎ ጸሐፊው አርት ቡክዋልድ ፓራማውንትን ከሰሰ። ፍርድ ቤት ፈረደለት። ውሉ ግን ከተጣራ ትርፍ መቶኛ ይሰጠው የሚል ነበርና ስቱዲዮው መዝገቡን ገልጦ የተጣራ ትርፍ የለም አለ፤ ማስታወቂያው፣ ወለዱ፣ የቢሮው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ዜሮ ሆኗል። ኤዲ መርፊ ግን ውሉ ከጠቅላላ ገቢ ስለነበረ፣ ከ8 ሚሊዮን ዶላር ደመወዙ ሌላ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ላይ 15 ብር እንደማለት የሆነ ድርሻ ነበረው። ቡክዋልድና የክሱ አጋር ረጅም ክርክር አድርገው በመጨረሻ ያገኙት 900 ሺህ ዶላር ነው። «ከገቢ» እና «ከተጣራ ትርፍ» የሚሉትን ሐረጎች ልዩነት ሆሊውድ የተማረው በዚህ ክስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሁሉ መካከል የጎንደሩ ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። በ1946 ጎንደር ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። አሜሪካ ሄደው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ፤ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በሁለት ሳምንት ቀረጹት። በ1993 ስለ ባርነት የሠሩት «ሳንኮፋ» በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ እያለ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ኃይሌ ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። ከተማ ከከተማ እየዞሩ፣ የአካባቢውን ሰው እያስተባበሩ፣ ትኬቱን እየሸጡ ፊልሙን ለሳምንታትና ለወራት አሳዩት። በተገኘው ገንዘብ ዋሽንግተን ከተማ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ።

ከዚያ «ጤዛ» መጣ። ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ሲገባ የሚያየውን ይተርካል። ደጋው፣ ጭጋጉ፣ ከአፈሳ የሚሸሹት ልጆች፣ የእናት እንባ ሁሉ ለዚህ አካባቢ ሰው የቤቱ ነው። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ትልቁን የፊልም ሽልማት የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። «ሳንኮፋ» ራሱ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ታድሶ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ በጊዜው ያልተቀበሉት ሰዎች ከባለቤቱ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም አዲስ ያቋቋመውን ሽልማት የመጀመሪያ ተሸላሚ አደረጋቸው። ኃይሌ የሽዋዚንገርን ገንዘብ አላገኙም። ፊልሞቻቸው ግን የራሳቸው ናቸው፤ ሻፍት የራውንድትሪ፣ ሮኪም የስታሎን አልሆኑም።

አንድ ለመውጫ፦ የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ደራሲን ብቻ አይደለም፤ ተዋናዩን፣ ዘፋኙንና ሌላውንም ከዋኝ ያካትታል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የካሜራ ቡድን ጋፋት፣ ጉና ወይም ጣና ዳር መጥቶ የሚያስፈርምዎት ወረቀት ቢያቀርብልዎ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው አንቀጽ ምስልዎ ለስንት ጊዜና በየት በየት እንደሚታይ የሚናገረው ነው፤ ቀጥሎ ድርሻ የሚለው ቃል ካለ ከጠቅላላ ገቢው ይሁን ከተጣራ ትርፉ የሚለየው። ቅጂውንም ሳይዙ አይልቀቁ።